ስለ ንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርት ቤት የማመልከቻ ድርሰት
(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የኅብረታችን ጸሐፊ ይህን ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ የመለስንለት «እኛ ምን አውቀን!» ብለን ነበር። ይህንንም ያልነው ለትሕትና አልነበረም። እኛ ሥራ ላይ ቆይተን ለማታው ትምህርት የተመለስን አምስት ተማሪዎች ስንሆን፣ ባለፈው ዓመት ወደ ውጭ አገር የንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርት ቤቶች አመልክተን ነበር። ከአምስታችን የተቀበሉት አንዲቱን ብቻ ነው። እርሷም አሁን በትምህርቷ ላይ ስለምትገኝ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ያልተሳካልን አራቱ ነን። ጸሐፊው ግን «የተሳሳታችሁትን ብትነግሩን ይበቃል» ስላለን፣ በዚህ ረገድ ሀብታሞች መሆናችንን አስበን እነሆ ቀርበናል።

ነገሩ አሁን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዙር በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በገና ሰሞን ይዘጋል። ሀርቫርድ ደግሞ ገና በመማር ላይ ለሚገኙ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የተለየ በር አለው፤ የተቀበለውን ተማሪ በመጀመሪያ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥራ ሠርቶ እንዲመጣ ያደርገዋል። የዚህኛው ማመልከቻ የሚዘጋው በሚያዝያ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ ብዕር ማንሣታችሁ አይቀርም።

በቅድሚያ፣ እነዚህ ሰዎች ድርሰት የሚጠይቁት ስለ ምን እንደሆነ እንመልከት። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዋርተን ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1881፣ የሀርቫርዱ ደግሞ በ1908 ነው። ለንግድ ትምህርት ቤቶች የሚሆን የጋራ የመግቢያ ፈተና በ1954 ተጀመረ፤ ይኸው ፈተና ነው ኋላ ጂማት የተባለው። ፈተናውና የትምህርት ቤት ማርክ አመልካቹን በቍጥር ለመመዘን ይረዳሉ። ነገር ግን ሀርቫርድ በየዓመቱ ለሚቀበላቸው 930 ያህል ተማሪዎች ቦታ በቅርብ ዓመታት ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው ያመለክታል። ስታንፎርድ የሚቀበለው ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከእነዚህ አመልካቾች ብዙዎቹ ጥሩ ማርክ ያላቸው ናቸውና ቍጥሩ ብቻውን ከሰው ሰው ለመለየት አይበቃም።

ሌላም ምክንያት አለ። በሀርቫርድ ትምህርቱ የሚሰጠው መምህሩ ቆሞ እየተናገረ ተማሪው እየጻፈ አይደለም። 90 ያህል ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በእውነት የደረሰ የአንድ ድርጅት ችግር ይቀርብላቸዋል፤ እነርሱም «እኔ በዚያ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር» እያሉ ይከራከራሉ። እንግዲህ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚያውቅ ከሆነ ክርክሩ ይሞታል። መራጮቹ በድርሰቱ የሚፈልጉት ያ ሰው ከዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሌላው ያላየውን ምን አይቶ እንደመጣ ነው።

የሚጠይቁት ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው። ስታንፎርድ ለብዙ ዓመታት ሲጠይቅ የኖረው «ከሁሉ ይልቅ ለአንተ ዋጋ ያለው ነገር ምንድን ነው? ስለ ምንስ?» የሚል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ለመልሱ የመከረው ልክ 650 ቃል ያህል ነው። ሀርቫርድ ለዓመታት አመልካቹ ስለ ራሱ ሊያሳውቅ የሚፈልገውን በአንድ ድርሰት ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ይህን ትቶ በሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ለወጠው። አንዱ ያለፈው ሕይወትህ ስለ ሥራ ያለህን ምርጫ እንዴት እንዳበጀው፣ ሁለተኛው ሰውን ስለ መምራት፣ ሦስተኛው አዲስ ነገር ለማወቅ ስላለህ ጉጉት ነው። ኤም አይ ቲ ከረጅም ድርሰት ይልቅ ከ300 ቃል ያልበለጠ ደብዳቤ መጠየቅ ጀምሯል፤ ከዚያም ጋር የመሥሪያ ቤትህን አደረጃጀት የሚያሳይ ሥዕል አስደግፎ አንተ የት እንደተቀመጥህ ምልክት እንድታደርግ ይጠይቃል። ይህን የመጨረሻውን እኛ በጣም ወደነዋል፤ አለቃው ከላይ፣ የአለቃው አለቃ ከዚያ በላይ ተሥሎ ሲታይ «ድርጅቱን እኔ ነበርሁ የምመራው» ለማለት አይመችምና።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንምጣ።

እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ማመልከቻ ምን ዓይነት ነው? ከላይ «ለክቡር» ይላል፤ ቀጥሎ «ጉዳዩ» ይላል፤ ከዚያም «ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስም «ችግሬ ታይቶልኝ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። በየፍርድ ቤቱ በር ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ባለጉዳዩ ገና ችግሩን ሳይጨርስ የደብዳቤው ግማሽ ተጽፎ ያልቃል፤ የመሬትም ይሁን የውርስ፣ የቤት ኪራይም ይሁን የጡረታ፣ ቃሉ አንድ ነው። እነዚህን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ለመዝገብ ቤት የሚስማማው እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ነው። ነገር ግን አምስታችንም ለንግድ ትምህርት ቤት የጻፍነው ድርሰት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ራፖር ነበር።

ይህንን ያወቅነው እንዲህ ነው። አንድ ማታ አምስታችን ተሰብስበን ድርሰቶቻችንን ስም ሸፍነን በመቀላቀል አንድ በአንድ ጮክ ብለን አነበብን። ማን የጻፈው እንደሆነ ለማወቅ ነበር ውርርዱ። ሦስተኛው ሲነበብ ሁለት ሰዎች «ይህ የእኔ ነው» አሉ። ሁሉም የሚጀምረው አገራችን ታዳጊ አገር መሆኗን በመግለጥ ነው፤ ሁሉም የወጣቱን ሥራ አጥነት ያነሣል፤ ሁሉም «አገሬን ለማገልገል» ብሎ ይጨርሳል። ከመካከላችን ባንክ የሠራ አለ፤ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሠራ አለ፤ የእናቷን የእህል መደብር ሒሳብ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ የያዘች አለች። ከዚህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ አንድም አልነበረም። በዚያች ማታ ሳቅን፤ ነገር ግን ወደየቤታችን ስንሄድ የሚያነጋግር ሰው አልነበረም።

ችግሩ የእንግሊዝኛ ማነስ አልነበረም። እንደ መሰለን ከሁለት ነገር የመጣ ነው። አንደኛው፣ ራስን ማመስገን በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ «እኔ» ማለት የሚከብደን ስንሆን «እኛ» ብለን እንሸሻለን። ዛሬም ይህን ንግግር ስናደርግ «እኛ» እያልን ነው፤ እዚህ ምንም አይደለም፤ አራት ነንና። በድርሰቱ ግን አንባቢው የሚጠይቀው «ከእናንተ መካከል አንተ ያደረግኸው የቱን ነው?» ብሎ ነው። ሁለተኛው ከጋዜጣና ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት የወረስነው የአጻጻፍ ልማድ ነው። ታቀደ፣ ተወሰነ፣ ተከናወነ፣ ጥረት ተደረገ። ማን አቀደ? ማን ወሰነ? አድራጊው አይታወቅም። የባንኩ ጓደኛችን ድርሰት ውስጥ እንዲህ ያለ ግስ ብንቈጥር አሥራ ዘጠኝ አገኘን።

«እኔ» ማለትና ራስን ማመስገን አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል። «እኔ ታታሪና ባለ ራእይ ነኝ» ማለት ማመስገን ነው። «ያን ቀን እንዲህ አየሁ፤ እንዲህ አደረግሁ፤ እንዲህ ሆነ» ማለት ግን ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውንና የሠራውን ሲናገር ትዕቢተኛ አይባልም።

በዚህ ላይ የቡናውን ጓደኛችንን ነገር እርሱ ፈቅዶልን እንንገራችሁ። መጀመሪያ የጻፈው «በጣቢያው የአሠራር ማሻሻያ እንዲደረግ አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ» የሚል ነበር። «ምን ዓይነት ማሻሻያ?» ብንለው በአማርኛ ያጫውተን ጀመር። ገበሬዎች ማታ ማታ ቀይ እሸት ቡና ይዘው ሲመጡ ክፍልፋዩ አይጻፍላቸውም፤ 23 ኪሎ ከ700 ግራም የሆነው 23 ተብሎ ይመዘገባል። እርሱ የጣቢያው ጸሐፊ ነበረና ስምንት ቀን ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ በሁለት ደብተር ጻፈ፤ በአንዱ ሙሉውን፣ በአንዱ የሚከፈለውን። በስምንት ቀን ከ400 ኪሎ በላይ ልዩነት አገኘ። ኀላፊው «ቡናው እስኪፈለፈል ክብደቱ ይቀንሳል፤ ያ ለእርሱ ማካካሻ ነው» አለው። ይህ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ጉድለቱ ያን ያህል አይደርስም። ደብተሮቹን አስታርቆ አሳየ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግማሽ ኪሎ ድረስ እንዲጻፍ ተፈቀደ።

ይህን ሲያጫውተን አፋችንን ከፍተን ሰማነው። «ይህ እያለ ስለ ሥራ አጥነት ምን ያስጽፍሃል?» ብለን ተቈጣነው። እርሱም ጻፈው፤ ጥሩም ሆነ።

ነገር ግን ከነገረን ውስጥ ያልጻፈው አንድ ነገር ነበር። የደብተሩ ወሬ በተሰማ ጊዜ ገበሬዎቹ መዛኙን በአደባባይ «ሌባ!» ብለውታል። መዛኙ የታዘዘውን የሚሠራ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። ጓደኛችን አስቀድሞ አልነገረውም፤ አላማከረውም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ።

ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ ሁለት ማታ ተከራከርን። አንዱ «ገበናህን ለባዕድ ትገልጣለህን? እነርሱ የሚፈልጉት አሸናፊ ነው» አለ። ሌላው ኢንሲያድ የተባለው የፈረንሳይ አገር ትምህርት ቤት አመልካቹ ያልተሳካለትን ነገር እንዲጽፍ በግልጥ ሲጠይቅ መኖሩን አነሣ። እኅታችን ያለችው ግን ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ «መዛኙ ከሌለበት ይህ ታሪክ ስለ ሚዛን ነው፤ መዛኙ ካለበት ስለ አንተ ነው» አለችው። ጻፈው። ሲጽፈውም «ከዚህ ትልቅ ትምህርት ቀስሜያለሁ» የሚል ሐረግ ጨምሮ ነበርና እርሱን ሰረዝንበት። ምን እንደቀሰመ ካልተናገረ ሐረጉ ራፖር ነው።

ከአንድ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ጠያቂዋ ድርሰቱን አንብባው ኖሮ «ያን መዛኝ ከዚያ ወዲህ አግኝተኸዋል?» አለችው። «አላገኘሁትም» አለ። በኋላም አልተቀበሉትም። ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ትምህርት ቤቶቹ ምክንያት አይነግሩምና። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ድርሰቱን ገንዘብ ከፍሎ አስጻፈ። ከተማ ውስጥ ይህን የሚሠራ ቢሮ አለ፤ ስሙን አንጠራም። ድርሰቱ ያማረ ነበር፤ እኛም ቀናንበት። የተጠራበት ትምህርት ቤት ጠያቂ ግን ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ በድርሰቱ ውስጥ ያለውን አንድ አንቀጽ ይዞ ጠየቀው። እርሱ ያን አንቀጽ ያነበበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የሀርቫርድም ቃለ መጠይቅ እንዲሁ ማመልከቻውን አንብቦ በመጣ ሰው የሚደረግና 30 ደቂቃ የሚፈጅ መሆኑን እወቁ። ስታንፎርድም ድርሰትን ሌላ ሰው እንዲጽፍልህ ማድረግ ደንብ መጣስ መሆኑን ያስጠነቅቃል፤ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥህ ማድረግን ግን አይከለክልም።

ዛሬ ደግሞ ገንዘብ መክፈልም አላስፈለገም፤ በስልካችን ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ይጽፋል። ሞክረነዋል፤ አንዋሽም። ለአምስታችን አምስት ድርሰት ጻፈልን፤ እንደ ልማዳችን ስም ሸፍነን አነበብናቸው። ሰዋስዋቸው ከእኛ ይሻላል። የማን የማን እንደሆነ ግን እንደገና ለመለየት አልቻልንም። ፊደል ለማረምና የቃል ብዛት ለመቀነስ ግን ጠቅሞናል።

ለእኛ የረዳን ዘዴ ይህ ነበር። በመጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ ለጓደኛ አጫውተው፤ ጓደኛህ አቋርጦ የሚጠይቅህን ልብ በል፤ እዚያ ላይ ነው ጨዋታው ያለው። ከዚያ በኋላ ተቀምጠህ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ የአማርኛውን ቃል በቃል ግን አትመልሰው፤ ተረቱም ምሳሌውም ባሕር ሲሻገር ይሞታልና። እቁብን ወይም እድርን ከጻፍህ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳና እለፍ። የሠላሳ ሰው እቁብ ገንዘብ ይዞ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ዓመት የጨረሰ ሰው ስለ መሪነት የሚናገረው አያጣም፤ እኛ ግን ይህን ትተን ሁለት ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ ክበብ ሊቀ መንበርነታችንን እንጽፋለን።

«አገሬን ለማገልገል» ስለሚለውም ጥቂት እንበል። አባባሉ ሐሰት ነው አላልንም። ግን በምን? የት? ምን ጎድሎ አይተህ? የንግድ ትምህርትስ ለዚያ ጉድለት ምኑ ነው? ይህ ካልተጻፈ ባዶ ነው። ደግሞም ቃል ኪዳን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ስታንፎርድ ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች የሚሰጠው የኤም ቢ ኤ ነጻ የትምህርት ዕድል ተማሪው ከተመረቀ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሠራ ያስገድዳል። የመመለስ አሳብ የሌለው ሰው ይህን ባይጽፍ ለራሱም ለሚከተሉት ታናናሾቹም ይሻላል።

ጥቃቅን ነገሮችን በፍጥነት እንጥቀስ፤ ጥቃቅን ቢሆኑም ጎድተውናል። የዓመቱን ቍጥር መልሱ፤ በእኛ አቈጣጠር በሐምሌ 2014 የተመረቀ ሰው በእነርሱ በ2022 ነው፤ ሳይመልስ ቢጽፈው ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን ስም ብታስገቡም በፓስፖርት፣ በፈተናና በድርሰት ሁሉ አንድ ይሁን። የማመልከቻው ክፍያ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ከ200 ዶላር ይበልጣልና ከመክፈላችሁ በፊት ምሕረት የሚደረግ መሆኑን ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ለቸገረው ያነሡለታል። ለአንዱ ትምህርት ቤት የጻፋችሁትን ለሌላው ስትልኩ የትምህርት ቤቱን ስም ለውጡ። ይህን የረሳ ከመካከላችን አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ዛሬ ይህን ወረቀት የሚያነብላችሁ ግን እርሱ ነው።

አሁን ወደ መምህሮቻችን እንዙር፤ በድፍረት እንዳይቈጠርብን እንለምናለን። ከድርሰቱ ጋር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ተማሪው ሲመጣ «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚል መልስ የተለመደ ሆኗል። የክፍላችሁ ብዛት፣ የሥራችሁ ክብደት ይገባናል። ነገር ግን ተማሪው ድርሰቱንም ደብዳቤውንም ራሱ ሲጽፍ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ አንባቢው ደግሞ በዓመት በሺህ የሚቈጠር የሚያነብ ነውና ያውቃል። ተማሪው «ጨዋ፣ ትሑት፣ ታታሪ» መሆኑን ከምትመሰክሩለት አንድ ቀን በክፍል ያደረገውን ወይም የተከራከረውን ሁለት መስመር ብትጽፉለት ይጠቅመዋል። የማታውቁት ተማሪ ሲመጣ ደግሞ «አላውቅህምና ሌላ ፈልግ» ማለት ማስቀየም አይደለም፤ ጊዜ ሳለ ሌላ እንዲፈልግ ይረዳዋል።

የቡናውን ጓደኛችንን ነገር እንጨርስ። ዘንድሮ እንደገና ያመለክታል። አንድ ጊዜ ያልተቀበሉትን አመልካች ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች እንደገና ቢመጣ አይከለክሉትም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን እንደተለወጠ ግን ይጠይቁታል። በግንቦት ወር አውቶቡስ ተሳፍሮ መዛኙ ወደ ተዛወረበት ጣቢያ ሄደ። ድርሰት ፍለጋ ሄደ ብለን አምተነው ነበር፤ እርሱም «መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነው የተነሣሁት» ብሎ አምኗል። ሰውየው ቡና አፍልቶ ተቀበለው። ይቅርታ ሲጠይቀው ብዙ አልተናገረም። የእርሱ ደብተር ስምንት ቀን ብቻ የያዘ መሆኑን ሲሰማ ግን «እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ቈጥሬው ነበር፤ የሚጠይቀኝ ሰው አላገኘሁም እንጂ» አለው።

የዘንድሮው ድርሰቱ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ይጀምራል። ገና አልጨረሰውም፤ ከልኩ በ200 ቃል በልጦበታል።

ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ማታ በ12 ሰዓት በኅብረቱ ክፍል ድርሰት የምናነብ መሆናችንን እናስታውቃለን። የሚመጣ ሰው ድርሰቱን በሁለት ቅጂ፣ ስሙን ሸፍኖ ይዞ ይምጣ። ሻይ አለ፤ ስኳር ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይዞ ይምጣ።